ፍሬዴሪክ ኦዛናም፤ የድሆችን ደረጃ የወጣ ተማሪ



ለዕረፍት ወደ ኩልመስክ በመጣሁ ጊዜ የጽሑፍ ክፍላችን ኃላፊዎች ለዚህ እትም የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት የላስታን ነገሥታት ወይም የአንዱን ገዳም አባት ታሪክ እንደሚሆን እገምታለሁ። የእነርሱን ታሪክ ግን ከእኔ ይልቅ አባቶቻችን ያውቁታል፤ በየበዓሉም እየሰማነው አድገናል። እኔ የመረጥሁት ከሩቅ አገር የሆነ፣ ካህን ወይም መነኩሴ ያልነበረ፣ በሃያ ዓመቱ ከተማሪ ጓደኞቹ ጋር አንድ ነገር የጀመረ ፈረንሳዊ የካቶሊክ ምእመን ነው። የካቶሊኩ ሰው ታሪክ ለእኛ መጽሔት ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። እኔ ያነሣሁት ተማሪ ሳለ ስለቀረበለት አንድ ጥያቄ ስል ነው፤ ያው ጥያቄ እኔንም በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሌ ውስጥ አግኝቶኛልና።

ፍሬዴሪክ ኦዛናም የተወለደው ኤፕሪል 23 ቀን 1813 በኢጣልያ በሚላኖ ከተማ ነው። (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚላኖ በዚያን ጊዜ በናፖሊዮን አገዛዝ ሥር ነበረች። ወላጆቹ ፈረንሳውያን ስለነበሩ ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሊዮን ከተማ ተቀመጡ። አባቱ ዣን አንቷን ቀድሞ ወታደር የነበሩ፣ በኋላ ሕክምና ተምረው ሐኪም የሆኑ ሰው ናቸው። እናቱ ማሪ ናንታስ አሥራ አራት ልጆች ወለዱ፤ ከእነዚህ ውስጥ ለአካለ መጠን የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፊደል ያስቆጠረችው ታላቅ እኅቱ ኤሊዛ እንኳ እርሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ገና በለጋነትዋ ሞተችበት። እንግዲህ ሞት በዚያ ቤት እንግዳ አልነበረም።

ሐኪሙ አባት ከበሽተኞቻቸው ብዙዎቹን ያለ ክፍያ ያክሙ ነበር። እናቱም ድሆችን እየዞሩ ይጠይቁ ነበር። የሊዮን ቤቶች ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረቡ ናቸው፤ በታችኛው ፎቅ ሀብታሙ ይኖራል፤ ደረጃው እየረዘመ በሄደ ቁጥር የሚኖርበትም ሰው እየደኸየ ይሄዳል። ባልና ሚስት ዕድሜያቸው ሲገፋና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከአራተኛ ፎቅ በላይ ላለመውጣት እርስ በርሳቸው ቃል ተገባቡ ይባላል። ታዲያ አንድ ቀን ሁለቱም ተደብቀው ቃላቸውን ሲያፈርሱ ከአራተኛው ፎቅ በላይ ባለው ደረጃ ላይ ተገናኙ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ። የላስታን ዳገት ለምትወጡት ለእናንተ አራት ፎቅ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ደረጃ ልብ በሉልኝ፤ በታሪኩ ውስጥ ይመለሳል።

ልጁ ትምህርቱን የሚወድ፣ ዓይን አፋርና ጤናው ደካማ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ጥርጣሬ ገባው። በክፍል የሚማረውና ከጓደኞቹ የሚሰማው ነገር እምነቱን ነቀነቀበት፤ ሌሊት እንቅልፍ እስኪያጣ ድረስ ተጨነቀ። ይህን የምጽፈው ሳልሸሽግ ነው፤ በእኛ ዘንድ የደጋግ ሰዎች ታሪክ ሲነገር እንዲህ ያለው ወራት ብዙ ጊዜ ይዘለላልና። ያወጡት የፍልስፍና መምህሩ አባ ኗሮ ናቸው። አልተቆጡትም፤ ከትምህርት በኋላ ከከተማው ወጣ ብለው ረጅም መንገድ አብረው እየሄዱ አነጋገሩት። ጥርጣሬው ሲለቅቀው ቀሪ ዕድሜውን ለእውነት አገልግሎት ለማዋል ለራሱ ተሳለ።

በ1831 መጨረሻ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ሕግ ሊማር ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያው ወር በሊዮን የሐር ሸማኔዎች ስለ ደመወዛቸው ተነሥተው ከወታደር ጋር ተዋጉ፤ ፓሪስም ራስዋ ከአብዮት ገና መውጣትዋ ነበር። ለአገሩ ልጅ ግን ትልቁ መከራ ብቸኝነት ነው። ያረፈበት ቤት ደንበኞች ስድ ሆኑበት። ከቤት ርቆ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የምግብ አዳራሹ ጫጫታ ራሱ ያስለቅሳል። ወጣቱ አንድ ቀን አንድሬ ማሪ አምፔርን ሊሳለም ሄደ። እኒህ ሰው ዛሬ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የኤሌክትሪክን ፍሰት የምንለካበት አምፔር በስማቸው የተጠራላቸው ሊቅ ናቸው። የሊዮን አካባቢ ሰው ስለነበሩ የአገራቸውን ልጅ በደስታ ተቀብለው በቤታቸው አንድ ክፍል ሰጡት። እንደሚተረከው አንድ ቀን ልቡ ከብዶት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እኒያን ሽማግሌ ሊቅ ከተራው ሕዝብ መካከል ተንበርክከው ሲጸልዩ አገኛቸው። በ1832 ኮሌራ ከተማይቱን መትቶ ከአሥራ ስምንት ሺህ የማያንሱ ሰዎች በፓሪስ ሲሞቱ ኦዛናም በዚሁ ቤት ነበር።

በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አንዳንድ መምህራን ክርስትና ያለፈበት ነገር ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። ኦዛናምና ጓደኞቹ ረብሻ አላነሡም፤ መልሳቸውን በጽሑፍ እያዘጋጁ ለመምህሩ ያቀርቡ ነበር። የፍልስፍናው መምህር ዡፍሯ ጽሑፋቸውን በክፍል ፊት አንሥተው እስኪመልሱላቸው ድረስ በትሕትናና በጽናት ቀጠሉ። ከዚህም ጋር ኢማኑኤል ባዪ በሚባሉ ጋዜጠኛና የማተሚያ ቤት ባለቤት ጥላ ሥር በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ ታሪክ ይከራከሩ ነበር። ጉባኤው ለሁሉ ክፍት ስለነበረ የማያምኑትም ይመጡ ነበር፤ በተለይም ሳን ሲሞን የተባለውን የማኅበራዊ ለውጥ ሰባኪ የሚከተሉ ተማሪዎች።

እንግዲህ ጥያቄው የመጣው ከእነዚህ ነው። ኦዛናም ክርስትና ባሮችን ነፃ እንዳወጣ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት እንደ ሠራ ሲዘረዝር ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ተነሣ። ያለፈውን ዘመን ሥራ አልካደም። የጠየቀው ዛሬ፣ በዚህች ከተማ፣ እናንተ ራሳችሁ ለድኻው የምታደርጉት ምን እንደሆነ ነው። ኦዛናም በቂ መልስ አልነበረውም። ንግግር የሚያውቀው ተማሪ ንግግር አጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። በአገራችን የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 በአዲስ አበባ ሲቋቋም ያደራጁት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ቀድሞ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲያገለግሉ የክህነት ልብስ ሳይለብሱና ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ በንጉሠ ነገሥቱ ተጠይቀው የገቡ ናቸው። በዚያ ኮሌጅ የተማሩ የኦርቶዶክስ ልጆች ደግሞ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሃይማኖተ አበው የተባለውን የተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ለእነርሱም ጥያቄው መጣላቸው፤ በግቢው ውስጥ መሬት ላራሹ የሚለው ጩኸት በ1965 ሲነሣ ቤተ ክርስቲያን የት ናት የሚል ተማሪ ብዙ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራን የወሎን ረሃብ አይተው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና በግቢው ውስጥ አሳዩ። ያ ፎቶግራፍ የእኛ አያቶችና የእኛ ጎረቤቶች አገር ነው።

የእኔ ነገር ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። በግቢ ጉባኤያችን መዝሙር እናጠናለን፤ መርሐ ግብር እናወጣለን፤ በዓመቱ መጨረሻ ፎቶ እንነሣለን። አብሮኝ የሚያድር አንድ ልጅ፣ ሃይማኖት የለኝም የሚል፣ ከጉባኤ ስመለስ አንድ ማታ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። መኝታ ቤታችንን የምትጠርገው ሴት ልጅዋ ታሞባት ሦስት ቀን እንደ ቀረች ነገረኝ። እርሱ ያውቃል፤ እኔ ስምዋን እንኳ አላውቅም ነበር። ስለ ኦዛናም ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ኦዛናም ከዚያ ጉባኤ ሲወጣ ከጓደኛው ከለታያንዲዬ ጋር ነበር ይባላል። ሁለቱ ተማክረው ከክረምቱ የተረፈቻቸውን ጥቂት ማገዶ ተሸክመው ለሚያውቁት አንድ ድኻ ሰጡት። መጀመሪያው ይኸው ነው፤ ማገዶ! በእኛ አገር እናቶች ማገዶ ፍለጋ ስንት ዳገት እንደሚወርዱና እንደሚወጡ ለሚያውቅ ሰው ስጦታው ትንሽ አይደለም። ኤፕሪል 23 ቀን 1833፣ ኦዛናም ሃያ ዓመት በሞላበት ማታ፣ ስድስት ተማሪዎች በባዪ ጋዜጣ ቢሮ ተሰበሰቡ። አርባ ዓመት የሚጠጋቸው ባዪ ሰብሳቢ ሆኑ። ፖለቲካ በስብሰባቸው እንዳይነሣ፣ ጸሎት እንዳይቀር፣ እያንዳንዱም በየሳምንቱ ድሆችን በቤታቸው እየሄደ እንዲጠይቅ ተስማሙ። በኋላም ማኅበራቸውን በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ስም ጠሩት፤ ይህ ቅዱስ ከ1581 እስከ 1660 የኖረ የፈረንሳይ የድሆች አባት ነው።

ነገር ግን እንዴት እንደሚደረግ አያውቁም ነበር! በቅን ልብ የተነሣ ተማሪ የድኻን ቤት በር አንኳኩቶ ምን ይላል? ባዪ ወደ እማሆይ ሮዛሊ ራንዱ ላኳቸው። እማሆይ ሮዛሊ የፍቅር ሥራ ልጆች የሚባለው የደናግል ማኅበር አባል ሲሆኑ ሙፍታር በሚባለው የፓሪስ ችግረኛ ሰፈር፣ ቆዳ ፋቂዎችና ጨርቅ ለቃሚዎች በሚኖሩበት፣ ሠላሳ ዓመት ያህል የሠሩ ሴት ነበሩ። ለተማሪዎቹ የቤተሰቦች ስም ዝርዝርና የዳቦ ኩፖን ሰጧቸው። ከኩፖኑ የሚበልጠው ግን ምክራቸው ነው፤ ሳይቸኩሉ እንዲቀመጡ፣ ከመናገር በፊት እንዲሰሙ፣ ድኻውን እንዳይመረምሩትና እንዳያዋርዱት አስተማሯቸው። ዩኒቨርሲቲ የማያስተምረውን ትምህርት የተማሩት ከእኒህ መነኩሲት ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ለኦዛናም የደረሰው ቤተሰብ ከባድ ነበር። አምስት ልጆች ያሉዋት ሴት ለፍታ ያገኘችውን ሁሉ አብሮዋት የሚኖረው ሰው በመጠጥ ይጨርሰዋል፤ ይደበድባታልም። ዳቦ ቢሰጣት ለአንድ ቀን ነው። ኦዛናም የሕግ ተማሪ ነበርና ጉዳዩን መረመረ። ሁለቱ በሕግ የተጋቡ እንዳልሆኑ ደረሰበት፤ ይኸውም ሴቲቱ ትታው የመሄድ መብት አላት ማለት ነው። ማስረጃውን አስወጣላት፤ ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ከትንንሾቹ ጋር ወደ ትውልድ አገርዋ ወደ ብርታኝ ላኳት፤ ሁለቱን ታላላቅ ልጆች ደግሞ ባዪ በማተሚያ ቤታቸው ሥራ አስገቡለት። የተማረው ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የዋለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ማኅበሩ ከዓመት ተኩል በኋላ ከመቶ በላይ አባላት ነበሩት። ያን ጊዜ ክርክር ተነሣ፤ ኦዛናም ማኅበሩ በየሰፈሩ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎቹ ግን ወዳጅነታችን ይፈርሳል ብለው እምቢ አሉ፤ እስከ ማልቀስ የደረሱ እንደ ነበሩ ይነገራል። በእኔ አስተያየት የለቀሱትን መንቀፍ አይገባም፤ በባዕድ ከተማ ወንድም ያገኘ ሰው እንደገና ማጣቱን አይወድም። ቢሆንም በ1835 ተከፈለ፤ በመከፈሉም ሰፋ። በ1845 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ደረሰ፤ ዛሬም ከመቶ አምሳ በማያንሱ አገሮች ይገኛል። በዚያው ሰሞን እነዚሁ ተማሪዎች ሊቀ ጳጳሱን እየደጋገሙ በለመኑት መሠረት በኖትር ዳም ካቴድራል ለተማረው ወጣት የሚሆን ስብከት በ1835 ዐቢይ ጾም ተጀመረ፤ ሰባኪው አባ ላኮርዴር ነበሩ።

ቀጣዮቹን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። በ1836 በሕግ፣ በ1839 በሥነ ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ፤ ሁለተኛው ጥናቱ ስለ ኢጣልያዊው ባለቅኔ ስለ ዳንቴ ነበር። በመካከሉ፣ በ1837፣ አባቱ አንድ ድኻ በሽተኛ ሊያዩ ሲሄዱ ከደረጃ ላይ ወድቀው ሞቱ። ያ ደረጃ! እናቱም በ1839 አረፉ። በ1841 አሜሊ ሱላክሯን አገባ። በ23ኛው ቀን ተጋብተው ነበርና በየወሩ በ23 አበባ ይዞላት ይገባ ነበር። አንዲት ልጅ፣ ማሪ፣ በ1845 ተወለደችላቸው።

ተማሪ ሆኖ በተቀመጠበት በሶርቦን አሁን መምህር ሆነ። ከመድረክ ላይ እጅግ ይፈራ ነበር፤ ሁልጊዜ ከትምህርቱ በፊት ተንበርክኮ ይጸልያል። ተማሪዎች እስከ ቤቱ ድረስ ይመጡ ነበር፤ የሚያምነውም የማያምነውም። አንድ ባልደረባው መምህር በእምነቱ ምክንያት በተማሪዎች ጩኸት ማስተማር ሲከለከል ኦዛናም ከተማሪዎቹ መካከል ተነሥቶ ነፃነትን የሚወድ የሌላውን ሕሊና ነፃነት ማክበር እንዳለበት ተናገረ። ጩኸቱ ለዚያ ቀን በረደ፤ ኮርሱ ግን በመጨረሻ ተዘጋ።

በ1848 ፓሪስ እንደገና ተቀጣጠለች፤ ንጉሡ ተባረረ። ኦዛናም ቤተ ክርስቲያን ከባለጠጎች ወገን መቆምዋን ትታ ወደ ሠራተኛው ሕዝብ እንድትሻገር ጻፈ፤ ከላኮርዴርም ጋር አዲስ ዘመን የተባለ ጋዜጣ አቋቋመ። ብዙ የቀድሞ ወዳጆቹ ተቀየሙት፤ ለምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ጋዜጣውም በዓመቱ ከእጃቸው ወጣ። በጁን ወር የሠራተኞች ዐመፅ ተነሥቶ በከተማይቱ ጎዳናዎች ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በዚያ እሑድ ኦዛናምና ጓደኞቹ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ወደ ዴኒ አፍር ሄደው በሁለቱ ወገን መካከል እንዲቆሙ ለመኗቸው። ሽማግሌው እሺ አሉ። እነ ኦዛናም አብረዋቸው ሊሄዱ ቢፈልጉ ከለከሏቸው። በባስቲዬ አደባባይ አጠገብ ተኩሱ ጋብ ሲል ወደ ምሽጉ ተጠጉ፤ በዚያም ጥይት መታቸውና ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ። ሊቀ ጳጳሱን ለዚህ የለመነ ሰው ያን ሌሊት እንዴት አደረ? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በቀጣዩ ዓመት ኮሌራ ሲመለስ የማኅበሩ አባላት በየቤቱ እየገቡ በሽተኞችን አስታመሙ።

እርሱም ታመመ፤ ሕመሙ የኩላሊት ነበር። በ1852 ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ ተማሪዎች መምህራኑ ሥራቸውን ትተዋል ብለው በሶርቦን እንደሚጮኹ ሰማ። ሐኪሙም ሚስቱም ቢለምኑት አልሰማም፤ ተነሥቶ ልብሱን ለብሶ ሄደ። ፊቱን አይተው የጮኹት ሁሉ ዝም አሉ፤ ከዚያም አጨበጨቡለት። ሕይወቱ የእነርሱ እንደሆነች፣ ቢሞትም በአገልግሎታቸው እንደሚሞት ነገራቸው፤ በሚያስደንቅ ኃይልም አስተማረ። ወደዚያ ክፍል ግን ዳግመኛ አልተመለሰም።

ፀሐይ ይሻለው እንደሆነ ብለው ወደ ስፔን ከዚያም ወደ ኢጣልያ ወሰዱት። በታመመበት አገር ሁሉ የማኅበሩን ቅርንጫፎች ይጎበኝ ነበር። ኦገስት 23 ቀን 1853፣ መራመድ አቅቶት በባሕር ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ እንደ ልማዱ ለአሜሊ የሚሆን የአበባ ቅርንጫፍ አስቀጠፈላት። በአገሩ መሞት ፈልጎ በመርከብ ወደ ማርሴይ ተሻገሩ፤ በዚያም ሰፕቴምበር 8 ቀን፣ በአርባ ዓመቱ አረፈ። አሜሊ እስከ 1894 ኖረች።

የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኦገስት 22 ቀን 1997 ብፁዕ ብላ ሰየመችው፤ ሥርዓቱም ከዓለም ዙሪያ ወጣቶች በፓሪስ ተሰብስበው በነበረበት ሰሞን በኖትር ዳም ተፈጸመ። አስከሬኑ በፓሪስ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከመቃብሩ ጎን በ1875 የተመሠረተው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በየቀኑ ይገባሉ፤ ይወጣሉ።